በድንጋይ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያንና የውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጥበቃ

በንግግራችን ድንጋይ የድርቀትና የሕይወት አልባነት ምሳሌ ነው። የማይራራውን «ልበ ድንጋይ»፣ ትምህርት የማይዘልቀውን «ድንጋይ ራስ» እንላለን። ሥነ ፍጥረትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ባለፉት ስድሳ ዓመታት ድንጋይን እየሰነጠቁ ሲያጠኑ፣ ፈጽሞ ደረቅ ነው በተባለው ስፍራ ሳይቀር ውስጡ ሕይወት የሰፈረበት ሆኖ አግኝተውታል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ በድንጋይ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ምን እንደ ሆኑና በምን እንደሚኖሩ እናቀርባለን። ነገሩ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍለው የወጡ አብያተ ክርስቲያናትን ከአበው የተረከብን እኛ፣ ያን ድንጋይ ከእኛ ጋር ማን እንደሚኖርበት ማወቅ ይገባናል።

ስያሜውና ወገኖቹ

እነዚህ ተሕዋስያን በሳይንሱ «እንዶሊት» ይባላሉ። ቃሉ የግሪክ ሲሆን «ኤንዶን» ውስጥ፣ «ሊቶስ» ደግሞ ድንጋይ ማለት ነው። «ሊቶስ» ለኦርቶዶክሳዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በሰሙነ ሕማማት ጌታችን በጲላጦስ ፊት የቆመበት፣ በድንጋይ የተነጠፈው አደባባይ «ሊቶስጥራ» ተብሎ ሲጠራ እንሰማለን፤ የስሙ ሥር ይኸው ቃል ነው።

እንዶሊት የአንድ ዘር ስም ሳይሆን የአኗኗር ስም ነው። በስሙ ከሚጠሩት መካከል ባክቴርያዎች፣ አልጌዎች፣ ፈንገሶች፣ እንዲሁም «አርኬያ» የሚባሉት ይገኛሉ። አርኬያ በመልካቸው ባክቴርያን ይመስላሉ፤ በውስጥ አሠራራቸው ግን ራሳቸውን የቻሉ ሌላ ወገን ናቸው። ፈንገስና አልጌ ተባብረው እንደ አንድ አካል የሚኖሩበት «ላይከን» የተባለ ማኅበርም አለ። በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ የምናየው ግራጫ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ልባስ ብዙውን ጊዜ ይኸው ላይከን ነው።

ሊቃውንቱ በአገባባቸው ለሦስት ይከፍሏቸዋል። ከፊሎቹ ድንጋዩ በተሰነጠቀበት ገብተው ይኖራሉ። ሌሎቹ በድንጋዩ ቅንጣቶች መካከል በተፈጥሮ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሰፍራሉ። እነዚህ በተለይ በአሸዋ ድንጋይ ይገኛሉ፤ ከላይ ለሚያየው ሰውም ድንጋዩ ምንም የሌለበት ይመስላል። ሦስተኞቹ ድንጋዩን ራሳቸው እየሰረሰሩ የሚገቡ ናቸው። የኖራ ድንጋይን፣ የባሕር ዛጎልንና ኮራልን ያዘወትራሉ፤ ኦስትሪዮቢየም የተባለው አረንጓዴ አልጌ በሕያው ኮራል ዐፅም ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ይኖራል። የሰው እጅ ሥራም አይቀርም። በከተሞች የፍሳሽ መስመር ውስጥ ድኝን ወደ አሲድ የሚለውጡ ባክቴርያዎች ወፍራሙን የኮንክሪት ቱቦ ቀስ በቀስ እንደሚበሉት መሐንዲሶች በደንብ ያውቃሉ።

በበረዶው ምድረ በዳ የተገኘው አረንጓዴ መስመር

ስለ እነዚህ ፍጥረታት ብዙ ያስተማረው ግኝት የመጣው ከአንታርክቲካ ነው። በዚያ የበረዶ አህጉር «ደረቅ ሸለቆዎች» የሚባሉ፣ በረዶ እንኳ የማይሸፍናቸው ገላጣ ስፍራዎች አሉ። ዝናብ የላቸውም፤ የሚወርደው ጥቂት በረዶም አብዛኛው ሳይቀልጥ ተንኖ ይጠፋል። ብርዱ በዓመት አማካይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለረጅም ጊዜ አፈሩ ከሕይወት የራቀ ነው ይባል ነበር።

አሜሪካዊው የረቂቃን ተሕዋስያን ተመራማሪ ዎልፍ ቪሽኒያክ በዚህ አልተስማማም። ወደ ማርስ ለምትላከው መንኮራኩር ሕይወትን የሚፈልግ መሣሪያ የሠራ ሰው ነው። መሣሪያው በወጪ ምክንያት ከጉዞው ቢቀርም፣ እርሱ ጥያቄውን ይዞ ወደ ደረቅ ሸለቆዎቹ ሄደ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1973 ብቻውን ለሥራ እንደ ወጣ ከገደል ወድቆ ሞተ። ከስፍራው የሰበሰባቸውን ድንጋዮች ባለቤቱ ሄለን ለኢምሬ ፍሪድማን ላከችለት።

በሀንጋሪ የተወለደው ፍሪድማንና የፊሊፒንስ ተወላጅ የሆነችው ባልደረባውና ባለቤቱ ሮዜሊ ኦካምፖ አስቀድመው በኔጌብ ምድረ በዳ፣ በቅዱስ መጽሐፍ አበው ሲመላለሱበት በምናነበው በዚያ ደረቅ ምድር፣ በድንጋይ ውስጥ የሚኖሩ አልጌዎችን አጥንተው ነበር። ስለዚህ ምን መፈለግ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ከአንታርክቲካ የመጣው የአሸዋ ድንጋይ ሲሰነጠቅ ከላዩ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ አረንጓዴ መስመር ታየ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1976 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ።

በኋላ የተደረጉት ጥናቶች የዚህን ቤት አሠራር ገልጠዋል። ከድንጋዩ ገጽ በታች በአንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ውስጥ ተደራራቢ ንጣፎች ይገኛሉ። ከላይ ያለው ጥቁር ነው፤ ጥቁረቱ ከፈንገሱ ቀለም የመጣ ሲሆን የሚያቃጥለውን የፀሐይ ጨረር ይከላከላል። ከሥሩ ነጣ ያለ የፈንገስ ክር የተዘረጋበት ንጣፍ አለ። ከዚያ በታች ደግሞ ብርሃንን ምግብ የሚያደርጉት አረንጓዴዎቹ ይኖራሉ። የአሸዋ ድንጋይ ቅንጣት አብዛኛው ኳርትዝ ስለ ሆነ ጥቂት ብርሃን ያሳልፋል፤ ለእነርሱ ያ ጥቂት በቂያቸው ነው። በበጋ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ከአየሩ ይልቅ ይሞቃል፤ የቀለጠው በረዶም በቀዳዳዎቹ ሰርጎ ያጠጣቸዋል። በዓመት ካሉት 8,760 ሰዓታት ውስጥ ሕይወታቸው የሚንቀሳቀሰው ለአንድ ሺህ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። በቀረው ጊዜ ደርቀውና ቀዝቅዘው ይቆያሉ። እድገታቸው የሚለካው በሰው ዕድሜ ሳይሆን በሺህ ዓመታት ነው።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሌላው ነጥብ ነው። ይህ ማኅበር የሚያመነጨው አሲድ የድንጋዩን ቅንጣቶች ያያያዘውን ነገር ስለሚያሟሟ የላዩ ሽፋን በየጊዜው እንደ ቅርፊት ይላጣል። ከሥር የቀሩት ጠልቀው ይገባሉ፤ አዲሱ ገጽም እንደ ገና ይጠነክራል። እንግዲህ ድንጋዩ ለነዋሪው መጠጊያ ሲሆን ነዋሪው ደግሞ ድንጋዩን ይለውጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ግኝቱ በታተመበት በ1976 ሁለቱ ቫይኪንግ መንኮራኩሮች ማርስ ላይ ስላረፉ፣ በድንጋይ ውስጥ የሚኖር ሕይወት ወሬ ከማርስ ወሬ ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል። መንኮራኩሮቹ ግን ሕይወት ስለ መኖሩ ሁሉን ያስማማ ማስረጃ አላገኙም። አንዳንድ ወገኖች እንዲህ ያለውን ዜና ለእምነት አስጊ አድርገው ያዩታል፤ ሌሎች ደግሞ ገና ያልተረጋገጠውን ሁሉ የመጽሐፍ ማረጋገጫ አድርገው ከዐውደ ምሕረት ይናገሩታል። ሁለቱም ችኮላ ይመስለናል። የአንታርክቲካው ድንጋይ የሚያሳየው ሕይወት ምን ያህል መታገሥ እንደምትችል ነው፤ ከዚያ ያለፈ አልነገረንም።

ጨውና ጥልቁ

ጨው ምግብን ከብልሽት የሚጠብቀው የተሕዋስያንን እድገት ስለሚገታ ነው። ሆኖም በቺሊ ሰሜናዊ ክፍል በአታካማ በረሃ፣ ዝናብ እጅግ በሚርቅበት ስፍራ፣ እንደ ጉብታ በቆሙ የጨው ድንጋዮች ውስጥ ሳይኖባክቴርያ የተባሉ ብርሃን ተመጋቢዎች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ተገልጿል። ውኃ ከየት ያገኛሉ? እናቶች በክረምት የጨው ዕቃ ሲርስ ያያሉ፤ ጨው የአየሩን እርጥበት ስለሚስብ ነው። የአታካማው ጨው ሌሊት አየሩ ሲረጥብ እንዲሁ ያደርጋል፤ በውስጡ ያሉትም ከዚያ እርጥበት ይጠጣሉ።

በሀገራችን ደግሞ ግመሎች ለዘመናት አሞሌ ጭነው ወደ ደጋ የወጡበት የዳናክል በረሃ አለ። በዚያ የሚገኘው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከአንድ መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ሙቅና እጅግ አሲዳማ ውኃ የሚፈልቅበት ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ዳሎል ሁለት ጥናቶች ታተሙ። አንደኛው ከጨው ምሰሶዎቹ በተወሰደ ማዕድን ውስጥ እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን እንዳገኘ ገለጠ። ሁለተኛው በአካባቢው ባሉ፣ ጨዋማነታቸው ቢበዛም አሲዳቸው ባነሰ ስፍራዎች ብዙ ዓይነት አርኬያ አገኘ፤ እጅግ አሲዳማ በሆኑትና ማግኒዥየም በበዛባቸው ኩሬዎች ግን የሕይወት ምልክት አላገኘም። የማዕድን ቅንጣቶች በማጉያ መነጽር ሲታዩ ሕያው ሕዋስ ሊመስሉ እንደሚችሉም አስጠነቀቀ። በድንጋይ ውስጥ ያለ ትንሽ ክብ ነገር ሁሉ ሕያው አይደለም ማለት ነው፤ ይህ ክርክር በዚህ የጥናት ዘርፍ ደጋግሞ የሚነሣ ነው።

ከላይ የጠቀስናቸው ብዙዎቹ በብርሃን የሚኖሩ ናቸው። ብርሃን ፈጽሞ በማይደርስበት ጥልቅም ግን ነዋሪ አለ። በደቡብ አፍሪካ በምፖኔንግ የወርቅ ማዕድን፣ ከምድር ገጽ 2.8 ኪሎ ሜትር በታች፣ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ በተገኘ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚሞቅ ውኃ አንድ ዓይነት ባክቴርያ ብቻውን ሰፍሮ ተገኝቷል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ምግቡ ከፀሐይ የመጣ አይደለም። በዐለቱ ያለው ዩራኒየም የሚያወጣው ጨረር ውኃውን ሲሰነጥቀው ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ባክቴርያው በዚያ ሃይድሮጅንና በድኝ ውሕዶች ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚያው ሀገር በሌላ የወርቅ ማዕድን፣ በ1.3 ኪሎ ሜትር ጥልቀት፣ እነዚህን የመሰሉ ባክቴርያዎችን የምትመገብ ደቃቅ ትል ተገኘች። ተመራማሪዎቹ ከጥልቅ ስለ መጣች በአውሮፓውያን ተረት በሚታወቅ የሰይጣን ስም ጠሯት፤ ትሏ ግን ምንም አልበደለችም። በአጠቃላይ ጥልቁን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ግምት ከምድር ባክቴርያና አርኬያ 70 በመቶ ያህሉ ከምድር ገጽ በታች ይኖራሉ።

በላስታ ድንጋይ ላይ

የቅዱስ ላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ስኮርያ የሚባል ባዛልታዊ ድንጋይ ነው። መንገድ ሠሪዎች «ቀይ አሽ» ለሚሉት ቅርብ ዘመድ ነው። ለመፈልፈል የተመቸው ቀዳዳማና ለስላሳ ስለ ሆነ ነው፤ ውኃ የሚጠጣውና ለተሕዋስያን የሚመቸውም በዚሁ ጠባዩ ነው። በትግራይ በገርዓልታ ያሉት ብዙዎቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በአሸዋ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። የአንታርክቲካው አረንጓዴ መስመር የታየውም በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሁሉ በግድግዳው ላይ ያለውን ቢጫና ብርቱካናማ ልባስ ያስታውሳል። ጎብኝዎች የዕድሜ ጌጥ አድርገው ፎቶግራፍ ያነሡታል። ልባሱ ላይከን ነው። ዐይን የሚያየው ደግሞ የላዩን ብቻ ነው፤ ከላይከኑ የሚወርዱት የፈንገስ ክሮች በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ድንጋዩ ይገባሉ። ክሮቹ ሲረጥቡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ፤ የሚያመነጩት አሲድም ማዕድኑን ያሟሟል። በየክረምቱና በየበጋው ይህ ሲደጋገም ቅንጣቶቹ ይላላሉ።

ይህን የሰማ ቅን አገልጋይ ወዲያው ብሩሽ ይዞ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ያለው ቅንዓት ከላይከኑ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል በግልጥ እንናገራለን። ላይከኑ በሰፈረበት ስፍራ የላላውን ቅንጣት አቅፎ የያዘው ብዙ ጊዜ ያው ክር ነው፤ በኀይል ሲፋቅ ከድንጋዩ ገጽ ጋር ተያይዞ ይመጣል። በአንዳንድ የድንጋይ ዓይነቶችማ ልባሱ ነፋስንና የዝናብ ጠብታን እንደሚከላከል ተረጋግጧል። ከዚህም በላይ የውስጦቹ በብሩሽ አይደረሱም። ውኃው እስካለ ድረስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይመለሳሉ፤ የተፋቀው ጌጥና የመዶሻው አሻራ ግን አይመለስም።

ድንጋዩን በሽፋን ማፈንም መፍትሔ እንዳልሆነ ላሊበላ ራሷ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተደረገ ጥገና አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የመጡት ባለሙያዎች ያንን ለማንሣት ብዙ ደክመዋል። ቀዳዳማ ድንጋይ እርጥበትን የሚያስወጣው በገጹ ነው። ገጹ ሲደፈን ውኃው ከውስጥ ይቀራል፤ ጨውም ከሽፋኑ ሥር ይከማቻል። ሲሚንቶም ከስኮርያ ይልቅ ጠጣርና ውኃ የማያሳልፍ ስለ ሆነ ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ቀዳሚ ጠላታቸው በስንጥቅና በጣሪያ የሚገባ ውኃ ነው፤ ተሕዋስያኑ የሚከተሉት ውኃውን ነው። በ2008 በአራት ስፍራዎች የቆሙት ትላልቅ መጠለያዎች ዝናቡን ለመከላከል ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ናቸው። ስለ ክብደታቸውና ስለ ነፋስ ጫና ካህናቱና ምእመናኑ ያነሡት ስጋት ተገቢ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ከተሕዋስያን አንጻር መጠለያ የሚሠራው ሥራ ግልጥ ነው፤ ውኃውን ከልክሎ ነዋሪውን ያስርበዋል። መጠለያው ሲነሣ ይህ ሥራ በሌላ ነገር መተካት አለበት፤ ያ ሳይታሰብ «ይነሣ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

የአምፖሉ ነገር

በሥዕል ያጌጡ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላሏቸው አጥቢያዎች ከሩቅ ሀገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1940 የተገኘው የላስኮ ዋሻ ጥንታውያን ሥዕሎች ያሉበት ነው። በ1948 ለጎብኝዎች ተከፈተ። የኤሌክትሪክ መብራት ገባ፤ የብዙ ሺህ ሰው ትንፋሽም እርጥበትና ሙቀት ጨመረ። ለዘመናት በጨለማ በቆየው ድንጋይ ላይ አረንጓዴ አልጌ በቀለ፤ በ1963 ዋሻው ተዘጋ። አልጌው በመድኃኒት ተወገደ። በ2001 ግን ፈንገስ በዋሻው ተዛመተ፤ አንዱን ተሕዋስ ሲያጠፉት ሌላው ቦታውን ወሰደ። ዋሻው ዛሬም ለሕዝብ ዝግ ነው፤ ጎብኝ የሚያየው በአጠገቡ የተሠራውን ቅጅ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግን የሚጸለይባት እንጂ ቅጅ ተሠርቶላት የምትዘጋ አይደለችም። ስለዚህ የእኛ ጥንቃቄ በአገልግሎቱ ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። ጧፍና ማኅቶት በአገልግሎት ሰዓት በርተው ይጠፋሉ፤ ጥላሸታቸው የራሱ ችግር ቢኖረውም ለአልጌ የሚበቃ ብርሃን አይሰጡም። ቀንና ሌሊት የሚበራ አምፖል ግን በእርጥብ ግድግዳ አጠገብ ሲሆን ለአልጌ ፀሐይ ይሆንለታል። በአምፖሉ ዙሪያ ክብ ሆኖ የሚታይ አረንጓዴ ነገር ካለ ምንጩ እርሱ ነው። መድኃኒት ከመፈለግ በፊት አምፖሉን ከግድግዳውና ከሥዕሉ ማራቅ፣ ከአገልግሎት ሰዓት ውጭም ማጥፋት ይቻላል፤ ወጪም የለውም።

በውጭ በኩል የሰበካ ጉባኤ ሊሠራው የሚችለው ዋናው ሥራ ቦይ መጥረግ ነው። ከሰኔ በፊት በዐጸዱ ዙሪያ ያሉት የውኃ መውረጃዎች ከአፈርና ከቅጠል ይጽዱ፤ በጣሪያው ስንጥቅ የበቀለ ችግኝ ሥሩ ሳይወፍር ይታይ። በረኪና፣ አሲድ፣ የብረት ብሩሽ፣ ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ወደ ድንጋዩ አይቅረቡ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን መጠገን አስቀድሞ የሚመለከተውን የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ላይከን ማንሣትም ቢሆን በባለሙያ፣ መጀመሪያ በጥቂት ስፍራ ተሞክሮ የሚደረግ ነው። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በዓል በኋላ፣ ያንኑ የግድግዳ ክፍል ከአንድ ቦታ ሆኖ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አስደግፎ ፎቶግራፍ ማንሣት ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም። ፎቶግራፉ ከተነሣበት ቀን ጋር በአጥቢያው መዝገብ ይቀመጥ፤ ልባሱ ሰፍቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳለ እንደ ሆነ የሚያውቀው ባለሙያው ያንን ሲያይ ነው።